ለሚስቴ ጫማ ያመጣላት ሰው

እኔ ከቴኒስ ጋር ተጣልቻለሁ። ሰው ከጎረቤቱ ይጣላል፣ ከአለቃው ይጣላል፣ ቢብስበት ከአማቱ ይጣላል። ከስፖርት ጋር የሚጣላ ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ እነሆኝ። ቴኒስ ምን በደለህ ብትሉኝ አርብን ቀማኝ። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁና እናንተው ፍረዱኝ። ለእኔ የምትፈርዱ ከሆነ ማለቴ ነው።

የምኖረው ጅቡቲ ነው። ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ አንድ መጋዘን ላይ ዕቃ ስረከብና ሳስረክብ እውላለሁ፤ ማደሪያዬ ባልባላ ነው። ሚስቴ ወይንሸት ደግሞ ሆዳን የሚባል ሰፈር ፈረንጅ ቤት ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች። በአንድ ከተማ እየኖርን የምንገናኘው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ አርብ፣ የአገሩ የእረፍት ቀን። በጠዋት በሚኒባስ ትመጣለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለ? እኛ የምንቀዳው በሳምንት አንዴ ነው። እሱንም የጅቡቲ ፀሐይ ሳያተነው ቶሎ ቶሎ መጠጣት አለብን። አርብ አርብ ቬንትሌተሩን ከፍተን ምንጣፍ ላይ ጋደም እንላለን፣ የሳምንቱን ወሬ እናወራለን፣ እንበላለን፣ እንጨቃጨቃለን፣ እንታረቃለን። ሀብቴ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጫማው ልምጣ። በጫማ ጉዳይ የምታማ ሰው አልነበርኩም። ባልባላ ባለነው ሐበሾች ዘንድ እንዲያውም ጫማ ማለት እኔ ነኝ። ከአገር ቤት የሚመጡት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሲባጎ ይዘውልኝ ይመጣሉ። አዳማ ያለች እህት፣ ሚሌ ያለች ባለ ምግብ ቤት፣ አዋሽ ያለ አጎት፣ የጅቡቲ ጫማ ሲያምራቸው እግራቸውን ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት በሲባጎ ይለኩና ቆርጠው ይልካሉ። ሾፌሩ ሲባጎውን ሁሉ መስታወቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። አንዳንዱ መኪና ሲገባ ስለት ያለበት ነው የሚመስለው። እኔ ገበያ ወርጄ ሲባጎውን ጫማው ውስጥ እዘረጋዋለሁ። ሳይታጠፍ ከተኛ ልክ ነው፣ እገዛለሁ።

የወይንሸት ሲባጎ ግን ከሁሉም ይለያል። ሽማግሌ የላክሁ ሰሞን ነው የለካኋት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከኪስ ቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም። ሌላው የሚስቱን ፎቶ ይይዛል፤ እኔ እግሯን ይዣለሁ። በዚያች ሲባጎ ስንት ጫማ ገዛሁላት። አንዱንም ጠበበኝ ብላኝ አታውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ታነክስና ይለቃል ትለኛለች፣ በቃ።

የወይንሸት ማዳም ቴኒስ ትወዳለች። ባሏ መርከብ ላይ ስለሚሠራ አብዛኛውን ጊዜ የለም። አብራት የምትጫወተው ጓደኛዋ አገሯ ጠቅልላ ስትገባ ማዳም ብቻዋን ቀረች። ቴኒስ ደግሞ እንደ ጭቅጭቅ ነው፣ ለብቻ አይሆንም። መጀመሪያ ወይንሸትን ኳስ ታቀብለኝ ብላ ወሰደቻት። ወይንሸት አዳማ ተማሪ ሳለች መረብ ኳስ ትጫወት ነበር፣ እጇ ኳስ ያውቃል። አንድ ቀን ማዳም ለጨዋታ ያህል ራኬት ሰጥታ ብትመታባት፣ መለሰችላት። ደግማ ብትመታ፣ ደግማ መለሰች። ከዚያ ወዲያ አርብ ጠዋት የቴኒስ ሆነ። አርብ የእረፍት ቀኗ አይደለም ወይ? ነው። ተገዳ ነው ወይ? ወድዳ ነው። ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ያም ሆኖ ቻልኩት። በጠዋት መምጣቷ ቀርቶ እኩለ ቀን ላይ ስትመጣ ቻልኩት። ጥፍሯ ጠቁሮ፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ስትመጣማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ነው ያለኝ። በዚህ አያያዟ ሰልችቷት ትተወዋለች ብዬ ነበር።

አንድ አርብ ግን ሳታነክስ መጣች።

በሩ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ዓይኔ አረፈበት። ነጭ ነው፣ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። እኔ የገዛሁት አይደለም። ከየት አመጣሽው አልኳት። ሙሴ ዋይስ ነው ያመጣልኝ አለችኝ፣ ሚኒባስ ነው ያመጣኝ በምትልበት ድምፅ። ሙሴ ዋይስ ደግሞ ማነው? የሜዳው አሰልጣኝ ነው፣ ሙሴ የሚሉት እንደ አቶ ነው፣ የዚሁ የጅቡቲ ሰው፤ እህቱ የስፖርት ዕቃ ሱቅ አላት። በዚያ ጫማ ስትንሸራተቺ ማየት ሰለቸኝ ብሎ አመጣልኝ፣ የከፈለችው ማዳም ናት አለችኝ። የከፈለውን ማን ጠየቀ? ያመጣው ነው ጥያቄው። ልክሽ ነው ወይ አልኳት። ልክ ብቻ? አለች። እግሬ ጣት እንዳለው ያወቅሁት እኮ አሁን ነው።

አንድ ወንድ ለሚስትህ ሽቶ ቢሰጣት ያናድዳል፣ ግን ይገባሃል። ሽቶ ለሁሉም ይሆናል። ጫማ ግን ልክ ይፈልጋል። ልክ ደግሞ ማየት ይፈልጋል፣ ማሰብ ይፈልጋል። የሚስቴን እግር አይቶ፣ አስቦ፣ ልኩን ያገኘ ወንድ እዚህ ከተማ ውስጥ ይዞራል ማለት ነው። ታዲያ እህል ይበላልኛል?

እሷ ግን በደንብ በላች፣ ከዚያ ጋደም አለች። እንቅልፍ ሲወስዳት ሲባጎዬን አወጣሁና ያንን ጫማ አነሳሁት። ሲባጎው ተዘርግቶ ከፊቱ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ተረፈ። ሰፊ ነው ብዬ ፈነደቅሁ። ተረከዙ ጋ ይጠባል፣ ጣቱ ጋ ይሰፋል። ይኼ ሰውዬ ጫማ የሚባል አያውቅም አልኩ በሆዴ። ቀና ስል ወይንሸት በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። ምን ታደርጋለህ አለችኝ። እየለካሁ ነው አልኳት። ስትጨርስ ቦታው መልሰው አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

በሳምንቱ ሳልነግራት ሜዳው ሄድኩ። ሙሴ ዋይስ ሽማግሌ ይሁን፣ ሽማግሌ ይሁን እያልኩ ነው መንገዱን የጨረስኩት። እናንተም መቼም ሽማግሌ ሆኖ ይገኛል ብላችሁ ጠብቃችኋል። አልሆነም። ረጅም ነው። ጥርሱ ነጭ ነው። ሲስቅ ሳይቸኩል ነው የሚስቀው። ድሬዳዋ ዘመድ ስላለው አማርኛም ይችላል። ሌላው ሁሉ ያነሰ ይመስል።

ከሽቦው አጥር ውጭ ቆሜ ሚስቴን አየኋት። ወደ ቀኝ ትሮጣለች፣ ትቆማለች፣ ትመታለች። ትቆማለች ያልኩትን ልብ በሉልኝ። በእኔ ጫማ ጊዜ እግሯ ቆሞ ሰውነቷ መንገዱን ይቀጥል እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። አሁን እግሯ ሲቆም ሁሉም ነገሯ ይቆማል። ሶሉ ሲሚንቶውን ጭርር አድርጎ ይይዘዋል፣ ተረከዟ ከጫማው አይወጣም፣ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውጭ አይታጠፍም። ታምራለች ደግሞ። ባሏ ሆኜ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም ነበር። ዋይስ ግን ይኼን በየሳምንቱ ያየዋል።

ሰውዬው አጥሩ ጋ መጣና የወይንሸት ባል አንተ ነህ አለኝ። በምን አወቅህ አልኩት። ሽቦውን እንደዚህ ጨምድዶ የሚይዝ ባል ብቻ ነው አለኝ። ዋላል፣ ወንድሜ፣ ግባ፣ ጥላው ውስጥ ተቀመጥ ብሎ በሩን ከፈተልኝ። የመጣሁት ልጣላው ነው። ወንበር ሰጥቶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጥቶ፣ ወንድሜ ካለህ ሰው ጋር በምን ትጀምራለህ? በጫማ ጀመርኩ። የእኔ ጫማ ምን ጎደለው አልኩት።

አንዴ ጠየቅሁት፣ ከዚያ አላቆመም። የገዛህላት የሩጫ ጫማ ነው አለኝ። የሩጫ ጫማ ወደፊት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ቴኒስ ደግሞ የሸርጣን ሥራ ነው፣ ወደ ጎን ነው። ጎኑ ጠንከር ካላለ እግር ከሶሉ ላይ ይሸሻል፣ ቁርጭምጭሚት ይዞራል። ድንገት ስትቆም ጣት ወደፊት ይሄዳል፣ ቦታ ካጣ ግድግዳውን ይመታል፣ ጥፍር የሚጠቁረው በዚህ ነው። የሴት እግር ብዙውን ጊዜ ተረከዙ ጠባብ፣ ፊቱ ሰፋ ያለ ነው፤ ትንሽ ቁጥር የወንድ ጫማ ገዝተህ የሴት ነው ብትለው ተረከዝ ውስጡ ይዋኛል። ለሲሚንቶ ሜዳ ወፍራም ሶል ነው፣ መስመሩ እንደ ዓሣ አጥንት የሆነ። በዚህ ሙቀት ደግሞ የጠዋት እግርና የማታ እግር አንድ አይደለም፣ ያብጣል። ስለዚህ ማታ፣ ቆማ፣ ካልሲ አድርጋ ነው የምትለካው። ሁለቱም እግር ይለካል፣ የምታምነው ትልቁን ነው።

ጥርሴን ነክሼ ሰማሁት። ሰውዬውን እየጠላሁት ትምህርቱን ወደድኩለት። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው ነገሩ። የእሱ ጫማ ከእግሯ የሚወልቀው እኔ የበለጠ ስገዛላት ብቻ ነው ብዬ ቆረጥኩ። የዚያኑ ዕለት ማታ ልትሄድ ስትል ካርቶን ዘርግቼ ቁሚበት አልኳት። ተንበርክኬ በእግሯ ዙሪያ እርሳስ አዞርኩ። ግራዋ ከቀኟ ይበልጣል። ስንት ዘመን አብሬያት ስኖር ግራዋ እንደሚበልጥ አላውቅም። ሲባጎዬን ካርቶኑ ላይ ባስተኛው ጣቷ ጋ ሳይደርስ አለቀ። አገር ቤት እናቷ ጋ ያለውን ልጃችንን ከወለደች ወዲህ እግሯ ጨምሯል፣ ቀኑን ሙሉ በመቆምም ሰፍቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሲባጎ የያዘ ሞኝም ይጨመርበት።

እዚያው ተንበርክኬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ያ ሰውዬ እግርሽን እንዴት አድርጎ ለካው አልኳት።

አልለካኝም አለች። ቁጥርሽ ስንት ነው አለኝ፣ ሠላሳ ዘጠኝ አልኩት።

እኔ ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ሠላሳ ሰባት ስገዛልሽ ምነው ዝም አልሽ አልኳት።

አንተ መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ አለችኝ። አንተ ሲባጎ አለህ።

ሚኒባስ እንዳያመልጣት ብዬ ሸኘኋት።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስወጣ ገበያ ለገበያ ዞርኩ። ሻጮቹ እስኪሰለቹኝ ድረስ ጫማ አጣመምኩ፣ ጎኑን ጨመቅሁ፣ ተረከዙ ውስጥ ጣቴን ከተትኩ፣ ሶሉን ገልብጬ የዓሣ አጥንቱን ፈለግሁ። አንዱ ሻጭ ልትገዛ ነው ወይስ ልታክም አለኝ። በመጨረሻ አገኘሁት። ወይንሸት አርብ ስትመጣ አደረገችው፣ ክፍሌ ውስጥ ወደ ጎን ወዲያና ወዲህ ዘለለችበት፣ ዋይስም እንዲህ ያለውን አላገኘ አለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የዋይስ ጫማ ከአልጋ ሥር ገባ። አሸነፍኩ።

እስከሚቀጥለው አርብ ድረስ። በእኔ ጫማ ማዳምን አሸነፈቻት። የማዳምን ጓደኞችም ተራ በተራ አሸነፈች። ከዚያማ ወይንሸት ከእኔ ጋር ትሁን፣ የለም ከእኔ ጋር ትሁን ተባለ፤ ጠዋት ብቻ የነበረው ጨዋታ ከሰዓት፣ ፀሐይ በረድ ሲልም ተጨመረ። ምሳዋን እዚያው እየበላች ወደ እኔ የምትደርሰው መሽቶ፣ ላብ በላብ ሆና፣ እየሳቀች ነው። ራት በልታ ትሄዳለች። በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች የተባለው ለእኔ ነው። ሌላው ወንድ ባመጣላት ጫማ ግማሽ አርብ ነበረኝ፤ እኔ በገዛሁላት ምንም አልቀረኝ። በገዛ ጫማዬ ላይ ቀናሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ይኼኔ ነው ማዳምም ጫማውን የተመኘችው። ወይንሸት ባሌ ነው የገዛው፣ እሱ ልክ ያውቃል ብላ በኩራት ነገረቻት። ራሷ እንደነገረቻት ያዙልኝ። ረቡዕ ማታ ካርቶንና እርሳስ ይዤ ሆዳን ሄድኩ። ማዳም ካልሲዋን አድርጋ ካርቶኑ ላይ ቆመች፣ እኔም እንደ ሙያዬ ተንበረከክሁ። እርሳሱ ውስጥ እግሯን ሲነካት ኮረኮራትና ሳቀች፣ እንዳትወድቅም ትከሻዬን ያዝ አደረገች። ወይንሸት ጭማቂ በትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ ያለችው ያን ጊዜ ነው። አየችን። ትሪውን አስቀመጠች፣ ተመለሰች።

ስወጣ ግን በር ድረስ ሸኘችኝ። ቁጥሯን ብትጠይቃት አትነግርህም ነበር ወይ አለችኝ።

ቁጥር አይታመንም፣ ግራና ቀኝ ይለያያል፣ ሙያው እንዲህ ነው አልኳት።

ሙያ አለችና በሩን ዘጋችብኝ።

አርብ ጠዋት፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ በሬ ተንኳኳ። ወይንሸት ናት፣ በነጠላ ጫማ። ቴኒሱስ አልኳት። ወገቤን አሞኛል አለች። ማዳምስ ከማን ጋር ልትጫወት ነው? ዋይስ አለላት አለች። ወገቧን ያመማት ሴት ወዲያው ጎንበስ ብላ የማዳም እግር ያለበትን ካርቶን ከዕቃው መሐል ፈልጋ አወጣችና ከሰል አቀጣጠለችበት። ቀኑን ሙሉ ምንጣፉ ላይ ዋልን። አውርተን፣ በልተን፣ ተጨቃጭቀን ታረቅን። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ወገቧ ያማታል።

ቅናት ቤት ያፈርሳል እያሉ የሚመክሩ ሰዎች አሉ። ማን ሲቀና እንደሆነ ግን ለይተው አይናገሩም። እኔ ስቀና አርቤን አጣሁ፣ እሷ ስትቀና አርቤን አገኘሁ። ሰሞኑን ደግሞ ሁለት የማዳም ጓደኞች እግራችንን ይለካልን ብለው ልከውብኛል። እሺም እምቢም አላልኩም። ላስብበት ነው ያልኩት፣ ወይንሸት እየሰማች።