በኤግዚቢትነት የተያዘው ዳቦ

ከአንዱ ጥፋት መታቀብ ለሌላው ጥፋት ፈቃድ አይሆንም፤ ይልቁንም ፈቃድ ሰጪውና ተቀባዩ አንድ ሰው ሲሆን። ይህ ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። ምስክራችንም ይህን ትምህርት ለማበርከት ጤናቸውንም ወንበራቸውንም የሠዉ አንድ የተከበሩ የቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው።

ኃላፊው በሥራ ዘመናቸው ያለ ማስረጃ ያመኑት፣ ያለ ፊርማ የተረከቡት፣ ያለ ቁጥር የላኩት አንዳች ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሐኪማቸው ደማቸውን አስመርምሮ "ስኳርዎ አፋፍ ላይ ደርሷል፤ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝና ጣፋጭ ይቀንሱ" ባላቸው ጊዜ አልደነገጡም። "በጽሑፍ ይሁንልኝ" አሉ። ሐኪሙም አንድ ወረቀት ሰጣቸው። የምግቡና የመጠጡ ዓይነት በየተራ ተዘርዝሮ በአንጻሩ የካርቦሃይድሬቱ መጠን በግራም የተመለከተበት ሠንጠረዥ ነበር። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል "በጀርባው ይመልከቱ" ይላል። ኃላፊው ጀርባውን አልተመለከቱም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊርማቸው ሲያርፍ የኖረው በወረቀት ፊት ላይ ነው፤ ጀርባው የማኅተም ቀለም ዘልቆ ከሚታይበት በቀር የሚነበብ ነገር እንዳለው ማን ነግሯቸው?

ፊቱን ግን ቃል በቃል አጠኑት። አንድ ቁራጭ ዳቦ፣ አሥራ አምስት። አንድ ጠርሙስ ቢራ፣ አሥራ ሦስት። ቢራን "ፈሳሽ ዳቦ" ብለው በዚያው ዕለት አሰናበቱት። ከዚያ ዓይናቸው ቁልቁል ሲወርድ ከአንድ መሥመር ላይ ደርሶ ቆመ። ውስኪ፣ ዜሮ።

በማግሥቱ ከጠረጴዛቸው ሦስተኛ መሳቢያ ውስጥ አንድ ጠርሙስ፣ አንድ የሳል ሽሮፕ መለኪያና አንድ መዝገብ ገቡ። መዝገቡ አራት ዓምድ ነበረው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ ካርቦሃይድሬት። በመጀመሪያው ሳምንት ለምሳ ከሁለት ቅቅል እንቁላል ጋር አንድ መለኪያ ተመዘገበ። በሦስተኛው ሳምንት ጸሐፊያቸው ፋይል ይዛ ስትገባ ሲቀዱ አገኘቻቸው።

"ጋሼ፣ ይኼ ሦስተኛዎ አይደለም እንዴ?"

"ዜሮን በሦስት አባዢልኝ።"

"ዜሮ ነው።"

"በአሥርስ?"

"ያው ዜሮ ነው።"

"እንግዲህ ሒሳብን የምሽርበት ሥልጣን የለኝም" አሉና ቀዱ።

በመጀመሪያው ወር አራት ኪሎ ቀነሱ። በራሱ የተሳካለት ሰው ስኬቱን ሌላው ላይ ሳይጭን እንቅልፍ አይወስደውምና፣ ሠራተኛው ሁሉ በአዳራሽ ተሰብስቦ መመሪያ ቁጥር ሰባት ተነበበለት። "ውድ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ይህ ተቋም ከዱቄት ባርነት የሚላቀቅበት ታሪካዊ ዕለት ነው" አሉ ኃላፊው። በንግግራቸው መካከል ሁለት ጊዜ ጠረጴዛውን ተደግፈዋል፤ ይህም ከስሜታቸው ጥልቀት የመነጨ መሆኑ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል።

በመመሪያው መሠረት ወደ ግቢ የሚገባ ዳቦ በር ላይ ተይዞ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በመዝገብ ቤቱ የብረት ካዝና ውስጥ በኤግዚቢትነት ይቀመጣል፤ የአስወጋጅ ኮሚቴው በየሦስት ወሩ ተሰብስቦ ሳይወስን አይጣልም። የካዝናው ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በመዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ ሁለተኛው በኃላፊው እጅ። አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፦ "የተያዘ ዳቦ አውጥቶ የበላ፣ ማንም ቢሆን፣ ከያዘው ቦታ ይነሣል።" "ማንም ቢሆን" የምትለዋን ኃላፊው በገዛ ብዕራቸው የጨመሯት ናት። ከመመሪያው ጋር የሐኪሙ ሠንጠረዥ በስልሳ ቅጂ ተባዝቶ ታደለ፤ የተባዛው ፊቱ ብቻ ነው።

ሦስት ወር ሲሞላ ኮሚቴው ካዝናውን ከፈተ። በመዝገብ አርባ አንድ ዳቦ፣ በካዝና አሥራ ዘጠኝ። ሃያ ሁለት ዳቦ የገባበት ጠፋ።

በዚያው ሰሞን ከኃላፊው የሸሹት አራት ኪሎዎች፣ ሁለት እንግዳ አስከትለው ተመለሱ።

"ሰውዬ፣ ቀበቶህ ወደ ድሮ ቀዳዳው ገባ እኮ" አለች ባለቤታቸው።

"ሚዛኑ ተበላሽቷል።"

"እኔ ስለ ቀበቶ ነው የምልህ።"

ኃላፊው አዲስ ሚዛን ገዙ።

ቢሮ እንደ ገቡም ወንጀለኛዋን ለማወቅ ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ከመዝገብ ቤቱ ጎን የሠራተኞች ክበብ አለ፤ በክበቡ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ያበሰለች፣ ሁለት ልጆቿን በዚያችው ደመወዝ ብቻዋን ያሳደገች፣ ሁሉም እታለም የሚላት ሴት አለች። ዳቦ የምታውቀው እሷ ናት፤ ስለዚህ የሰረቀችው እሷ ናት። አስጠሯት።

"አንቺ፣ ዳቦውን የት አደረስሽው?"

"ጌታዬ፣ ሦስት ወር ካዝና ውስጥ የደረቀ ዳቦ ሰርቄ በምኔ ልበላው ነው? ጥርሴን ይዩልኝ።"

"ማስረጃ አቅርቢ።"

"አቀረብኩ እኮ። ጥርሴን።"

"ጥርስ ሰነድ አይደለም" አሏት። የዕገዳ ደብዳቤዋ ከመመለሷ በፊት ተተየበ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል እንዲሰበሰብና ስንብቷን እንዲወስን ታዘዘ።

ማክሰኞ ኃላፊው አምስት ዜሮ አስመዝግበው በከሳሽነት ቀረቡ። ወንበሩን በሁለተኛው ሙከራ አገኙት። ከእሳቸው ፊት ለፊት ሽርጧን ያላወለቀችው እታለም፣ ጥግ ላይ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የምትለው ካለ እንድትናገር ጠየቃት። እሷም ወደ ጥጉ ዞረች።

"አንተ ወንድሜ፣ ካዝናው በተከፈተ ቁጥር ወረቀት አይሞላም?"

"ይሞላል።"

"የት ነው ያለው?"

"ፋይል ውስጥ።"

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አላቀረብከውም?"

"በጽሑፍ አልተጠየቅሁም።"

ኃላፊው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ፤ ይህን ሰው ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። እታለም ማመልከቻ መጻፊያ ወረቀት አልነበራትምና፣ የታደላትን ሠንጠረዥ ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ባዶ ጀርባው ላይ "ፋይሉ ይምጣልኝ" ብላ ጽፋ ፈረመች። ፋይሉ መጣ።

በውስጡ አሥራ አንድ የወጪ ቅጽ ተጠርዟል። በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዳቦ ወጥቷል፤ ሰዓቱ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ፣ ተረካቢው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ። ሰብሳቢው የወጪውን ምክንያት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። የመጀመሪያው "ለናሙና ምርመራ" ይላል። አራተኛው "ለተጨማሪ ናሙና"። አሥራ አንደኛው "ርቦኝ ነው"። ፊርማውም በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በስድስተኛው ያዘመመ፣ በመጨረሻው ከወረቀቱ ወጥቶ ፋይሉ ላይ የተጋደመ ነበር።

"ፊርማው የማን ነው?"

ኃላፊው ቅጾቹን ተቀብለው አንድ በአንድ አገላበጡ። አንዱንም አላስታወሱትም። ነገር ግን ቀኑ ተሞልቷል፣ ቁጥሩ አልተዘለለም፣ ማኅተሙ በቦታው አርፏል። "የኔ ነው" አሉ በኩራት፤ "በአግባቡ የተሞላ ቅጽ ነው።" ከዚያ ያሉት ነገር ገና በጆሯቸው ሲደርስ ቀለማቸው ተለወጠ። ወደ ጥጉ ዞሩ። "አንተ ታዲያ ለምን አልከለከልከኝም?"

"ጌታዬ፣ ቅጹ ምን ጎደለና?"

የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ማመልከቻውን ከፋይሉ ጋር ሊጠርዝ ሲል የሐኪሙ ዋና ወረቀት ከመመሪያው ጋር እዚያው ተያይዞ ስለነበር ጀርባው ተገለጠ። ሰብሳቢው እሱንም አነበበው። "ዳቦና መሰል ምግብ የቀነሰ ሰው አልኮል ቶሎ ያሰክረዋል፤ ረሃብ ይቀሰቅስበታል፤ ያደረገውንም ላያስታውስ ይችላል። ስለዚህ እንዳይጠጡ።"

ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ ፋይሉ መለሰ። እታለም ወደ ኃላፊው ዞራ "ጥርስዎ ግን ደህና ነው" አለች።

እታለም ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ኃላፊው በመመሪያ ቁጥር ሰባት አንቀጽ አራት መሠረት ከኃላፊነታቸው ተነሥተው በመዝገብ ቤቱ ረዳትነት ተመደቡ፤ መሳቢያ የሌለው ጠረጴዛም ተሰጣቸው። ከኃላፊነት የተነሡበት ደብዳቤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊርማ ያስፈልገው ነበር። ተተኪ ገና ስላልተሾመ ራሳቸው ፈረሙበት። የፈረሙት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከምሳ በፊት ነውና ፊርማው ቀጥ ያለ ነበር።