ወለተ ሩፋኤል ከነውሻቸው ባጃጅ እንደ ተሳፈሩ

በ፳፻፲፯ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ውሻቸው ጓዴ ወደ ቤታቸው በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ጳጉሜን ፫ ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ጠበል ነውና የባሕር ዳር ሰው ራሱን ገልጦ ሲጠመቅ፣ በጣታቸው አንባቢ፣ በጆሮአቸው መርማሪ የሆኑት ዓይነ ስውሯ ወለተ ሩፋኤል ለስልክ ኦፕሬተርነት ሊፈተኑ ከጣና ዳር ወደ ዓባይ ማዶ ተነሡ። ፈተናው ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። የዘገየ አይገባም። ከሚያዝያውም ፈተና ባጃጅ አጥተው ቀርተዋል።

አጀባቸውም ይህ ነበር፦ ከፊት ራሳቸው ያሠለጠኑት ጓዴ፣ መንገድ መሪ፣ ጉድጓድ አሳላፊ፤ ከኋላ ጎረቤታቸው እትዬ አገርነሽ፣ ስለ በረከቱ ጃንጥላቸውን ያልዘረጉ፤ በብብትም የትምህርት ማስረጃ፣ በፌስታል የተጠቀለለ።

የመጀመሪያው ባጃጅ ውሻውን አይቶ ፈረጠጠ። ሁለተኛው «ሞልቷል!» ብሎ አወጀ፤ እሳቸው ግን ባዶ ባጃጅ እንዴት እንደሚንቀጫቀጭ ያውቁታል።

የሦስተኛው ሾፌር ባምላክ ነበር፣ መስታወቱ ላይ «ሩፋኤል ጠብቀኝ» ብሎ የለጠፈ። ከሸራው ሥር ሳይወጣም አወጀ፦

«እህቴ፣ አንቺ ግቢ። ውሻው ግን ርኩስ ነው፤ በዚህ ቀን ወንበሬን አያረክስብኝ!»

ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ወለተ ሩፋኤልም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወጁ፦

«ስማ! ይህ ዝናብ ዛሬ ጠበል ነው ወይስ አይደለም? ነው ካልህ፣ ጓዴ ከማለዳ ጀምሮ ተጠምቋል። እኔም አብሬው ቆሜ ተጠመቅሁ። ጠብታ ያልነካህ አንተ ነህ። እንግዲህ ወንበሩን የሚያረክሰው ማን ነው?»

እትዬ አገርነሽም አከሉ፦ «እሰይ! መልስ እንጂ፣ አንት ደረቅ!»

ባምላክ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶም ኮፍያውን አውልቆ በዝናቡ ቆመ፤ እስከ ካልሲው ድረስ ሲርስ ተመለሰና «ጓዴ ይቅደም!» ሲል አወጀ።

ድልድዩንም እንደ ድል አድራጊ ሠራዊት ተሻገሩ፤ ጓዴም በእግራቸው ሥር ተጋደመ። ለሦስት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከመሥሪያ ቤቱ በር ደረሱ። ጥበቃው ከጣሪያው ሥር ሆኖ «ውሻ አይገባም!» ብሎ አወጀ። በዚህ ጊዜ ባምላክ ውኃ እያንጠባጠበ ወጣ፤ ከሁሉም ይልቅ ጮኾ አወጀ፦

«ተው ወንድሜ! እሱ ተጠምቋል። አንተስ?»

ጥበቃው ደረቅ እጅጌውን አየ። በሩን ከፈተ።

ዛሬ ወደዚያ መሥሪያ ቤት የሚደውል ሁሉ «አቤት» ሲባል የሚሰማው የእሳቸውን ድምፅ ነው። ነገሥታት በፈረሳቸው ስም ተጠሩ፤ እሳቸው በውሻቸው ስም እመ ጓዴ ተባሉ። ሰማይ ለመሰከረላቸው፣ ባለ ሦስት እግሩ ሠረገላ ለሰገደላቸው፣ ደረቁን ሁሉ ላራሱ ለእመ ጓዴ ክብር ይሁን!