የጎደለው የፍሪሲዮን ዘይት

ልጆቹ «እማማ፣ የደርግን ጊዜ ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። እኔን ትዝ የሚለኝ ወረታ የነበረ መኳንንት የሚባል ሹፌር ነው። የጎደለ ነገር ሁሉ የተሰረቀ የሚመስለው ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እርሱ እንደዚያ ነበር።

የሚነዳው ከፎገራ ሩዝ የሚጭነውን የገበሬዎች ማኅበሩን መኪና ነው። ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን የራሱ ዘይት አለው። መኳንንት በየቀኑ ይሞላል፣ በየቀኑ ይጎድላል። ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ ቢያይ መሬቱ ደረቅ ነው። በቃ፣ ሌባ አለ! ለወጥም ለኩራዝም የማይሆን ዘይት ማን ይሰርቃል? ይህን ብሎ የጠየቀ የለም። መኪናው የሚያድርበትን ግቢ የሚጠብቀውን ዘበኛ አያ ጥሩነህን «የሕዝብ ንብረት ሰረቀ» ብሎ ቀበሌ አሳሰረው። ምስኪን ሚስቱ ስንቅ ይዛ ትመላለስ ጀመር።

ዘይቱ ግን አሁንም ጎደለ።

«ግብረ አበር አለው ማለት ነው» አለ መኳንንት።

ጫማውን የምትወለውልለት ሚስቱ ያልጋነሽ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ግብረ አበሩማ ግራ እግርህ ነው! ቀኝ ጫማህ ደርቆ ግራው ብቻ በዘይት የሚርሰው ለምንድን ነው?»

ሄዶ ከፔዳሉ በላይ ቢዳብስ እርጥብ ነው። ጎሚኒ የሚሏት የጎማ ቀለበት ተበልታ፣ ዘይቱ ወደ ጋቢናው ውስጥ፣ እግሩ ላይ ይንጠባጠባል። ከባሕር ዳር አዲስ አስመጥቶ ቀየራት፤ አየሩን አስወጥቶ ዘይት ሞላ፤ ከዚያ ወዲያ አልጎደለም። አያ ጥሩነህም ተፈታ።

ከዓመታት በኋላ ነው የአያ ጥሩነህ ሚስት ያጫወተችኝ፦ ባሏ በሌብነት ታስሮ በሰነበተበት ጊዜ የቀበሌውን መጋዘን ሲጠብቅ የሚያድረው እርሱ ነበር፤ የቀበሌው ሰዎች ሌላ የሚታመን ሰው አጥተው።