ሁለት ከንፈር ያለው ሰሊጥ

ሰው የሚደብቀው ነገር አያጣም። አንዱ ዕድሜውን ይደብቃል፣ አንዱ ሕመሙን፣ አንዱ ደግሞ ከገዳሪፍ ገበያ በርካሽ የገዛውን ጫማ ከካርቱም ተልኮልኝ ነው ይላል። እናንተም የምትደብቁት አላችሁ፤ አልጠይቃችሁም። እኔ የምደብቀው እጄን ነው።

ሸክላ እሠራለሁ። ይኸው ተናገርኩት።

ሌላ አገር ይህ እንደ ኑዛዜ አይቆጠር ይሆናል። ከጎንደር ቆላ ወጥተን እዚህ ገዳሪፍ፣ ሱዳን የሰፈርን ሰዎች ግን ድንበር ስንሻገር ዕቃችንን ጥለን ንቀታችንን ይዘን ነው የመጣነው። ሸክላ ሠሪ በዓይኑ ይበላል ይባላል። በመተማ በኩል ስንወጣ ቁራሽ ዳቦ እንኳ አልያዝንም፤ ይህቺን ግን አንዳችንም አልረሳናትም።

ስለ ወጣትነቴ ብዙ አላወራም። ሰሊጥ አጨድኩ። እጄ ደማ። አጨዳው ሲያልቅ ረሃብ መጣ። አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ዚር፣ ያንን ትልቁን የውሃ ጋን ማለቴ ነው፣ የሚሠራበት ግቢ አስገባኝና ጭቃ ከአህያ ፋንድያ ጋር አስረገጠኝ። በላሁ። ይኸው ነው።

ዛሬ ሰው የሚያውቀኝ በማሽላ መጋዘን ዘበኝነቴ ነው። ከሥራ ስመለስ ግን ጓሮ ገብቼ ጭቃ እረግጣለሁ። ዚር አልሠራም፤ የምሠራው የተክል መልክ ነው። ወገቡ የሰፋ ቅል፣ አንገቱን የደፋ የማሽላ ራስ፣ ክንድ የሚያህል ባሚያ። ጎረቤት ጭሱን አይቶ ሲጠይቀኝ ቆሻሻ እያቃጠልኩ ነው እላለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ «ለአንድ ጊዜ እንኳ እውነት ተናገርክ» ትላለች።

እንዲህ ተከባብረን ስንኖር የልጃችን የሃና ወዳጅ ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። የልጁ አባት አያ ዋሴ የታወቀ የሰሊጥ ነጋዴ ነው። ዘር ሲያጣራም ሰሊጥ እንደሚያበጥረው ነው፤ አንዲት ጠጠር አታልፈውም። «ያ ባባ» አለችኝ ሃና እጆቼን እያየች፣ «ለአንድ ቀን ብቻ ዘበኛ ሁን። ወላሂ ሌላ አልጠይቅህም።» እዚህ ተወልዳ ስላደገች ልመናዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው። እንባዋ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

እጄን በሎሚ ፈተግሁ። ቅሉንም ማሽላውንም ባሚያውንም ከአልጋ ሥር ከተትን። በአንዱ ግን ልቤ አልጨከነም። ፍሬዋ የምትቀመጥባት የሰሊጥ ቀፎ ናት፤ ቁመቷ ወገቤ ድረስ፣ ደርቃ አፏን መክፈት የጀመረች። ሦስቴ እሳት ውስጥ ፈንድታብኝ በአራተኛው የወጣች ናት። ከሳሎኑ ጥግ አቆምኳትና ከከሰላ ከተማ የተገዛች ናት ልንል ተማከርን።

መጡ። አያ ዋሴ ሽማግሌ መላክ አልበቃው ብሎ ራሱ አብሮ መጣ። በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሼ እጆቼን ውስጡ ቀበርኩ። ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ አላዛነፍኩም። ሥራዬ ተጠየቀ፤ «ዘበኛ» አልኩ። ነገሩ ሊቋጭ ሲል የአያ ዋሴ ዓይን ጥጉ ላይ አረፈ።

«ይኼ ሰሊጥ አይደለም?»

«ከከሰላ ነው!» አለች ጥሩወርቅ፣ ከየት ነው ብሎ የጠየቃት ሳይኖር።

ተነሥቶ ዞረው። በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ጥሩ ነው። ግን የሠራው ሰው ሰሊጥ አጭዶ አያውቅም። ሰሊጥ ሲደርቅ ለአራት ነው የሚከፈት። ይኼ ያለው ሁለት ከንፈር ነው።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። አፍ ሲከዳ ግን ከሎሌ ይብሳል።

«አራት የሆነው ውስጡ ነው!» አልኩ ብድግ ብዬ። አያ ማለቱም ጠፋኝ። «የሚከፈተው ለሁለት ነው! አንተ ሰሊጥን የምታውቀው በጆንያ ነው፤ እኔ በእጄ ነው የማውቀው!» እጄም ልመስክር ብሎ ከጋቢው ወጥቶ ነበር። ጥፍሬ ሥር ጭቃው ቁጭ ብሏል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከዓይኔ ለመሸሽ ጣራውን ያይ ጀመር። ከጓዳ የሃና ልቅሶ ተሰማ። አያ ዋሴ ዘንጉን አንሥቶ ወጣ።

ሦስት ቀን ልጄ አላናገረችኝም። በአራተኛው አያ ዋሴ ብቻውን መጣ፤ በእጁ የደረቀ የሰሊጥ አገዳ እስከነፍሬው ይዟል። ለጋብቻው እንዳይመስላችሁ። ክርክሩ እንቅልፍ ነሥቶት ነው። ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብለን ቀፎ በቀፎ ፈተሽን። ሁሉም የተከፈተው ለሁለት ነው፤ ፍሬው ግን ውስጥ በአራት ረድፍ ተሰልፏል።

«ስንት ዘመን ሸጥኩት» አለ ቀስ ብሎ። «አፉን አላየሁትም።» አገዳውንም መሬት ላይ ጣለው። «ልጅቷን እንወስዳለን። ያንንም ሰሊጥ ጨምረህ ትሰጠኛለህ። ሰው ከጠየቀ ግን ከከሰላ ነው።»

«ከከሰላ ነው» አልኩ።

ሰርጉ ሆነ። ሰሊጡም በአያ ዋሴ ሳሎን ቆመ። የቅልቅሉ ዕለት አንድ ወፍራም ነጋዴ ጉርሻውን ሳይውጥ ወደ ጥጉ ጠቆመና «ይኼን የሠራው ሰው ሰሊጥ አይቶ አያውቅም! ሁለት ከንፈር!» ብሎ ሳቀ። ሃና ከማዶ አፈጠጠችብኝ። ምላሴን ነከስኩ። ለልጅ ሲባል የማይዋጥ የለም።

አያ ዋሴ ግን አልዋጠም። «ማን ነው ያላየው?» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። «የምራቴ አባት ነው የሠራው! ያንተ እጅ ጆንያ ሲቋጥር የሱ እጅ በሰሊጥ ደምቷል!» ወደ እኔ ዞረ። «እስኪ እጅህን አሳየው!»

ምን ላድርግ፤ አወጣሁት። በዚያ ቀን ሎሚም አልፈተግሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ግማሹ ሲበላ ሳህኑን ይከልልብኛል። ግማሹ የሸክላ ባሚያ ሥራልኝ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ነው፤ ሳህኑን እንደከለለ ያዝዘኛል።