እትዬ ፖሊክሴኒ ጠግበዋል

በዚህ ዓለም ላይ «ጠግቤያለሁ» ከምትል ሴት የበለጠ የራበው ፍጡር የለም። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ መጽሐፍ ብዙም አላነበብኩም። ከጎረቤቴ ከእትዬ ፖሊክሴኒ ነው። በወረቀት ላይ ለወጉ አንቱ ልበላቸው እንጂ እኛስ አጥር ለአጥር ስንት ዘመን ስንኖር አንቺ ነው የምንባባለው።

እንዲህ ያለች ሴት የሌለችበት መንደር የለም። በእኛ በፔሊዮን ተራራ ላይማ በየቤቱ አንድ አንድ ሳትኖር አትቀርም። ግብዣ ስትጠራ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው፤ አሁን ተነስታ የምትሄድ ትመስላለች። ምግብ ሲቀርብላት «ውይ፣ አሁን በልቼ እኮ ነው የመጣሁት!» ትላለች። አልበላችም። ከትናንት ጀምራ ይህን ግብዣ እያሰበች ሆዷን ባዶ አድርጋ ነው የመጣችው። ጋባዧም ይህን ታውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቢሆንም ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ።

የእትዬ ፖሊክሴኒ እምቢታ ግን እንደ ሌላው ሰው እምቢታ አልነበረም። እንደ ቅዳሴ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ «በልቻለሁ» ይላሉ። ሲለመኑ «ሆዴን ትንሽ አሞኛል» ይላሉ። በሞቴ ሲባሉ «ሐኪም ከልክሎኛል» ይላሉ፤ የትኛው ሐኪም እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አፈር ስሆን ብዬ ሳህኑን እጃቸው ላይ ሳስቀምጥ፣ ያን ጊዜ በረጅሙ ተንፍሰው፣ «እንግዲህ አንቺ እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው፤ ለመቅመስ ያህል» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ጋባዧን እግዜር ይጠብቃት። እትዬ ፖሊክሴኒ የቀመሱት ትሪ ሲታጠብ ሳሙና አይፈልግም።

የእህቴ ልጅ ስትዳር የጠቦት ጥብስ ቀረበላቸውና አልበላም አሉ። የሙሽራዋ እናት ለመነች። አባትየው ለመነ። ቄሱ አባ ላምብሮስ ከጠረጴዛው ራስ ተነስተው መጡ። በመጨረሻ ክላርኔት ነፊው ሙዚቃውን አቋረጠና፣ «እትዬ፣ እርስዎ ካልበሉ እኔም አልነፋም!» አለ። ጨፋሪው ሁሉ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። እትዬ ፖሊክሴኒ ዙሪያቸውን ቃኙ።

«እንግዲህ ሰርግ ከሚበላሽ...» ብለው ወርቹን በሁለት እጃቸው አነሱት። የዚያን ቀን ጭብጨባ ለሙሽሮቹም አልተጨበጨበም።

እሳቸው ጋባዥ ሲሆኑ ደግሞ የባሰ ነው። የሌላ ሰው እምቢታ እሳቸው ዘንድ አይሰራም። አንድ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰውዬ፣ ቁጥሩን ሳያይ ሆዱን ይዞ ወጣ። በማግስቱ ቁጥሩን ሊያይ ቢመለስ እንደገና በላ። ቆጣሪው አሁንም አልተነበበም ይባላል።

በመንደራችን እሳቸው ሳይለመኑ የቀሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከአቴንስ የመጣ ወጣት ሐኪም ነበር፤ ስሙን በወረሰው ቅዱስ በዓል ቀን ቤቱን ከፍቶ መንደሩን አስተናገደ። በቆስጣና በአይብ የተሞላ ፒታ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ይቅመሱ?»

«ኧረ ልጄ፣ በልቻለሁ።»

«እሺ፣ እንዳሻዎ» አለና ሳህኑን ይዞ ሄደ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ልጇን ለውትድርና እንደምትሸኝ እናት፣ ዓይናቸው ሳህኑን እስከ ማድ ቤት በር ሸኘው።

ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ። «ምን አለኝ?»

«እንዳሻዎ አለሽ።»

«እንዳሻዎ! አሳዳጊ የበደለው! እንደማልበላ በምን አወቀ?»

«አንቺ ነሻ የነገርሽው።»

«እኔማ እላለሁ!»

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው ወደ ምራታቸው ቤት በእንግድነት የሄዱት።

አንድ ልጃቸው ስቴርጊዮስ ተሰሎንቄ ነው የሚኖረው። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሰው ሁሉ እራት በልቶ ሲያበቃ ነው የሚገባው። ያገባት ፌምኬ የምትባል የሆላንድ ልጅ ነች። ቁመቷ እንደ ዝግባ፣ ልቧ እንደ ማር ነው። ቋንቋችንን ትምህርት ቤት ገብታ ስለተማረችው ከእኔ ይልቅ እሷ አስተካክላ ትናገራለች። አርግዛ መውለጃዋ ሲቃረብ እትዬ ፖሊክሴኒ ሻንጣቸውን አሰሩ። «ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው የእኔን ፊት ነው። ክርስትና ሳላስነሳ አልመጣም!» ብለው እየዘፈኑ ሄዱ።

ፌምኬ አማቷን ለመቀበል ስትንጎዳጎድ ነው የዋለችው። ሩዝና የተፈጨ ሥጋ የተሞላ ቲማቲም፣ ልክ እንደ እትዬ ፖሊክሴኒ አሠራር፣ ባሏን በስልክ እየጠየቀች ምድጃ ውስጥ ጋገረች። ቤቱ በመዓዛው ታወደ። ሁለቱ ብቻ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ይበላሉ?»

«ኧረ ልጄ፣ አውቶቡስ ላይ በልቻለሁ።»

«እሺ» አለች ፌምኬ። ክዳኑን ገጠመችና ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው።

በፌምኬ አገር ሰው አልፈልግም ካለ አልፈልግም ማለቱ ነው። ደግሞ መጠየቅ «ውሸትሽን ነው» እንደ ማለት ነውና ትልቅ ነውር ነው። እንግዲህ ልጅቱ አማቷን ከማክበሯ የተነሳ በረሃብ ልትገድላቸው ሆነ። እራትም እንደዚያው፣ በማግስቱ ምሳም እንደዚያው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ እምቢታ፣ ክዳን።

ስልኬ ጮኸ። እትዬ ፖሊክሴኒ ከመታጠቢያ ቤት ውስጥ ተደብቀው በሹክሹክታ ነው።

«ማሪጎ፣ ልጅቱ አልወደደችኝም።»

«ምን አደረገችሽ?»

«ምንም! እሱ እኮ ነው! አንዴ ትጠይቀኛለች፣ ከዚያ ዝም። እንድሄድላት ነው የምትፈልገው።»

«ታዲያ አዎ እበላለሁ አትያትም?»

«ማን፣ እኔ? እንደ ተራበ ሰው?»

«ተርበሽ የለም እንዴ?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ለስቴርጊዮስ ንገሪው እንግዲያ።»

«ልጄን ከሚስቱ ላጣላ? አበስኩ ገበርኩ! ቲማቲሙ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በስሜ ይጠራኛል፣ ማሪጎ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ከመጣሁ ደግሞ ያንን ደጃፍ አልረግጥም፤ ልጅም ይወለድ፣ ክርስትናም ይነሳ።»

ስልኩ እስኪዘጋ ሳቄን ይዤ ነበር፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ሳቄ ጠፋ። አውቃታለኋ። ከገዛ እህቷ ጋር ያኮረፈችው ኬክ ሳይደገምላት ቀርቶ ነው፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአምድ ተጋርደው ነው የሚቆሙት። ቅዳሜ ከመጣች ያን የልጅ ልጅ በፎቶግራፍ ብቻ ነው የምታየው።

የሆነውን በኋላ ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል። ዓርብ ዕለት እትዬ ፖሊክሴኒ ሻማ አበራለሁ ብለው ወረዱና ከጎዳና ሻጭ ኩሉሪ ገዙ፤ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ ነው። መንገድ ላይ እንዳይበሉት ይሉኝታ ያዛቸው። ጥቁር የለበሰች ባልቴት እየተራመደች ስታኝክ ማን ምን ይላል? ስለዚህ የሕንፃው አሳንሰር ውስጥ ገቡና ቁልፉን እየተጫኑ፣ ወደ ላይ ሲወጡ አንድ ጉርሻ፣ ወደ ታች ሲወርዱ አንድ ጉርሻ፣ ደግሞ ወደ ላይ። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። ፌምኬ ከነእርግዝናዋ ዘንቢል ይዛ ቆማለች።

የአማቷን አፍ አየች፤ ጉንጫቸው ሞልቷል። ቀሚሳቸውን አየች፤ ከአንገት እስከ ወገብ ሰሊጥ ነው።

«እማማ» አለች፣ «ምግቤ ይህን ያህል ያስጠላል?» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እትዬ ፖሊክሴኒ መልስ ቢኖራቸውም ማለፊያ የለውም፤ ዳቦው አፋቸውን ሞልቶታል። እጃቸውን ብቻ አወናጨፉ። የአሳንሰሩ በር ልዘጋ ይላል፣ ዘንቢሉን ሲነካ መልሶ ይከፈታል። በመጨረሻ እንደምንም ዋጡት።

«ያንቺን ምግብ መቼ ቀመስኩት!»

«እምቢ አሉኛ!»

«አዎ፣ እምቢ አልኩ! ታዲያ ደግመሽ አልጠየቅሽኝም!»

«እምቢ ያለ ሰው ለምን ይጠየቃል?»

«እሺ እንዲል ነዋ!»

ከምድር ቤት አንድ ሰውዬ፣ «አሳንሰሩን ማነው የያዘው?» ብሎ ጮኸ።

«በደረጃ ውጣ!» አሉ እትዬ ፖሊክሴኒ። «እዚህ ትልቅ ጉዳይ አለ!»

ፌምኬ አፍንጫዋን ጠረገች። «ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?»

«ይሄ በቁጥር የሚነገር ነው እንዴ? ልብ ነው የሚያውቀው።» የልጅቱን ፊት ሲያዩ ግን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ሌላ ሰው ሦስቴ ይበቃዋል። እኔን... አራቴ።»

ወጥተው ቲማቲሙን አሞቁት። ፌምኬ ሳህኑን ፊታቸው አቀረበችና ትንፋሽ ሳትወስድ፣ «ይበላሉ-ይበላሉ-ይበላሉ-ይበላሉ?» አለች።

«ምነው ልጄ፣ እንደ ባቡር! በመሃል እኔም እምቢ ልበል እንጂ! እንደገና ጀምሪ።»

«ይበላሉ?»

«በልቻለሁ።»

«ይብሉ እንጂ?»

«ሆዴን አሞኛል።»

«በሞቴ!»

«ኧረ ዝም በይ፣ ነፍሰ ጡር ሆነሽ በሞቴ አይባልም! በእኔ ሞት በይ።»

«እሺ። በእርስዎ ሞት፣ ይብሉ!»

እትዬ ፖሊክሴኒ እንዲህ ያለ ልመና በዕድሜያቸው ተለምነው አያውቁም። እስኪያነቡ ሳቁ። እየሳቁም በሉ፣ እየበሉም ሳቁ። ጨው ጎድሎት ነበር፤ አልነገሯትም። ቅዳሜም አልመጡም።

ከዚያ በኋላ ያን ልመና በየማዕዱ መድገም ለእርጉዝ ሴት ከበደ፤ ተስማሙ። በዚያ ቤት አዎ ማለት አዎ፣ አይ ማለትም አይ እንዲሆን ተባለ። አንድ ቀን ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው ንስሐ የሚገባ ሰው ድምፅ ነበር።

«ማሪጎ፣ ዛሬ ገና ስትጠይቀኝ አዎ አልኩ።»

«እንዴት ነው?»

«ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ።» ቀጥለውም፣ «ግን ማሪጎ... ምግብ ለካ ትኩስ ነው! ስንት ዘመን ሙሉ ከበረደ በኋላ ስበላ ኖሬያለሁ» አሉ።

የልጅ ልጃቸው ተወለደች። ክርስትና ተነሳች። እትዬ ፖሊክሴኒ ጥርስ እስክታወጣ ልቆይ አሉ፤ ጥርስ አወጣች፣ እስክትሄድ አሉ። አጠገቤ ያለው ቤት እንደተዘጋ ቀረ። እኔ ቤት አሁን የሚመጡት በበጋ ከከተማ የሚመጡት ናቸው። ሳህን ስታቀርብላቸው «አመሰግናለሁ» ብለው ይወስዳሉ፣ ወይም «ዱቄት አይስማማኝም» ብለው ይተዋሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከእውነተኛ ሰው ጋር ምን ይወራል?

ዘንድሮ እትዬ ፖሊክሴኒና ምራታቸው ለነሐሴው የእመቤታችን በዓል እንመጣለን ብለው ላኩብኝ። ከጠዋት ጀምሬ ፒታ ስጋግር ልቤ እረፍት አላገኘም። ተሰሎንቄ አስተካክላት ይሆን? ገና ሳቀርብላት አዎ ብላኝ ቁጭ ብትልስ? በዚህ ዕድሜዬ ማንን ልለምን ነው?

መጡ። ከወይኑ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ትኩሱን ፒታ ይዤ ወጣሁና፣ «ኑ፣ ቅመሱልኝ» አልኩ። የእትዬ ፖሊክሴኒ እጅ ወዲያው ብድግ አለ። በዓይኔ አየሁት፤ ወደ ሳህኑ ሲመጣ። ከተማ በላት አልኩ በሆዴ።

ያን ጊዜ ፌምኬ የአማቷን እጅ ያዝ አደረገችና በቀስታ መልሳ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው። ያች እንደ ዝግባ የረዘመች ልጅ፣ ከወንበሯ ጫፍ ላይ ፈቀቅ ብላ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ «ኧረ እትዬ ማሪጎ፣ አይልፉ! በልተን እኮ ነው የመጣነው» አለች።

እትዬ ፖሊክሴኒ ምራታቸውን አዩ፤ ልጁ ቅስና ሲቀበል እንደሚያይ አባት። ቀጥለውም ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «እውነቷን ነው፣ ማሪጎ። ደግሞ እኔን ሐኪም ከልክሎኛል» አሉ።

እኔም ሳህኑን ይዤ መሃላቸው ቁጭ አልኩና መለመን ጀመርኩ። ፒታው እጄ ላይ በረደ። ይብረድ!