የእትዬ ምንትዋብ የሕይወት ታሪክ

በየሰፈሩ ጡረታ አልወጣም ያለ አንድ አስተማሪ አይጠፋም። መንግሥት ደመወዙን አበል ያደርገዋል፤ ትምህርት ቤቱ አጨብጭቦ ካባ ያለብሰዋል፤ እሱ ግን በማግሥቱ ተነሥቶ ሰፈሩን በሙሉ ክፍሉ ያደርገዋል።

የጉርድ ሾላዋ ክብርት እትዬ ምንትዋብ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነበሩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት በደመወዝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ደግሞ በነፃ አማርኛ አስተማሩ። የሠርግ ጥሪ ሲደርሳቸው በቀይ እስክሪብቶ አርመው ይመልሱታል፤ አንዴማ የሙሽራው ቤተሰብ ደንግጦ ሦስት መቶውንም ካርድ እንደገና አሳተመ። ሐኪም "እማማ፣ ደምዎ ከፍ ብሏል" ቢላቸው "ደሜ ወዴት ይወጣል? የደም ግፊትዎ በል እንጂ!" ብለው፣ እንደገና ሳያስብሉት መድኃኒቱን አልተቀበሉም። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ቢተው ቃለ ጉባኤ የሚያነቡት ላባቸውን እየጠረጉ ነበር። መሐል ላይ ትንፋሽ ከወሰዱ ከኋላ ወንበር "ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም!" የሚል ድምፅ ይመጣል።

ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ፀደንያም አልቀረላትም። ኦሎምፒያ ካለው ቢሮዋ ሆና በእንግሊዝኛ ፊደል "ሰላም እማማ" ብላ ቴክስት ብትልክላቸው ሦስት ቀን ዝም። ስትደውል "በፊደላችን ያልተጻፈ አልደረሰኝም" አሏት።

እኚህ ሴት ረቡዕ ንጋት ላይ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ቀብሩ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የሕይወት ታሪኩን ፀደንያ እንድትጽፍ፣ የበኩር ልጃቸው ደጀኔ እንዲያነብ ተወሰነ።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ፀደንያ ገና አንድ ገጽ አልሞላችም። እንባ እንኳ አልመጣላትም፤ ፍርሃቱ አስቀድሞ ይዟታል። አንድ ፊደል ብትሳሳት እማማ ከሣጥኑ ውስጥ ቀና የሚሉ ይመስላታል። በላዩ ላይ አጎቷ በየአሥር ደቂቃው ብቅ ይላል።

"ደረስሽ?"

"ጋሼ፣ ትንሽ ቀረኝ።"

"አሳጥሪው። ተወለደች፣ አስተማረች፣ ዐረፈች። በቃ።"

ደጀኔ ቦሌ ቡልቡላ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። በዓመት በዓል ይመጣል፣ በግ ያስገባል፣ ሻይ ሳይጠጣ ይሄዳል። ምክንያቱን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል፤ ማንም ግን አያነሣውም። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሰባተኛ ክፍል ሳለ፣ እናቱ በራሳቸው ትምህርት በግማሽ ማርክ ጣሉት። ክፍል ደገመ። ጓደኞቹ አለፉ። ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ ቢለምኗቸው "ግማሽ ማርክም ማርክ ነው" ብለው እንቢ አሉ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አንድ ረጅም ሽማግሌ ወደ ድንኳኑ ገቡ። ጢማቸው ነጭ፣ ኮፍያቸው ነጭ። "አላህ ያጽናችሁ" ካሉ በኋላ ታሪኩን የሚጽፈው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ፀደንያን አሳዩዋቸው።

"ልጄ፣ ሰይድ እባላለሁ። የእትዬ ተማሪ ነበርኩ። አንድ ነገር ጻፊልኝ፤ ሳይነገር እንዳይቀበሩ።"

"ይንገሩኝ አባባ።"

"ከወሎ መጥቼ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። በሰባ ስድስት ሰባተኛ ክፍል ስገባ ዐሥራ ስምንት ሞልቶኝ ነበር። ለጦርነቱ ወጣት የሚመለምሉ ሰዎች ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ትልልቆቹን ልጆች ወደ ቢሮ አስጠርተው መዝገብ አምጡ አሉ። የክፍሉ ኃላፊ እትዬ ነበሩ። ለካስ የእኔን ዕድሜ ዐሥራ አምስት አድርገው ጽፈውታል። አንደኛው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና 'ይሄ ጢም ያለው ልጅ ነው ዐሥራ አምስት?' አለ።"

"እማማ ምን አሉ?"

"'አንተ ማንበብ የት ነው የተማርከው? የተጻፈው ዐሥራ አምስት ነው' ብለው ተቆጡት። ሰውዬው አፈረ። እኔ ቀረሁ። ከጎረቤት ክፍል ሦስት ልጆች ሄዱ፤ አንድም አልተመለሰ።"

ፀደንያ እጇ ላይ ያለው እስክሪብቶ ቆመ። የሠርግ ካርድ የሚያርሙት፣ ለልጃቸው ግማሽ ማርክ የነፈጉት እማማ፣ ሐሰት ጻፉ። ቢደረስባቸው ምን እንደሚጠብቃቸው ለማሰብ ብዙ መማር አያስፈልግም።

ጻፈችው። አራት መስመር ሆነ። ቀና ስትል ደጀኔ ከጀርባዋ ቆሞ እያነበበ ነው፤ ፊቱ ተለዋውጧል።

"ይሄ ይውጣ።"

"ጋሼ..."

"እናቴን መዝገብ አጭበርባሪ ብለሽ ልታስቀብሪያት ነው? በባልደረቦቿ ፊት?" ወደ ሰይድ ዞረ። ለረጅም ጊዜ አያቸው። "ሰይድ ረጅሙ?"

"አዎ ደጀኔ። ከኋላህ ነበር የምቀመጠው።"

ደጀኔ ፀደንያን ወደ ጓዳ ይዟት ገባ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"በዚያው ዓመት ነው። በዚያው! ለእኔ ግማሽ ማርክ የከለከለች፣ ለእሱ ሦስት ዓመት ትሰጣለች? ሰርዢው። ካልሰረዝሽው አላነብም።"

ስምንት ሰዓት ሆነ። የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ሣጥኑ ወጣ። ፀደንያ እስክሪብቶውን አራቱ መስመር ላይ አሳረፈች፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ወረቀቱን አጣጥፋ ለአጎቷ ሰጠችው። አላየውም፤ ኪሱ ከተተው።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዝናብ ሊጥል ደመናው ዝቅ ብሏል። ፍትሐቱ አለቀ። ደጀኔ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። የትውልድ ዘመን፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ቦታ እየጠራ በፍጥነት ወረደ። ፀደንያ ቃል በቃል ትቆጥራለች። "በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት" አለ፤ ቆመ።

አቶ ቢተው ሳሉ። አንዲት ሴት "ከበደው መሰለኝ፣ ሌላ ሰው ያንብብለት" ብላ አንሾካሾከች። ደጀኔ ከወረቀቱ ላይ ቀና ብሎ ፀደንያን አያት። አልሸሸችም፤ እሷም አየችው። ሰይድ ከአጥሩ በር አጠገብ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

ደጀኔ አነበበው። አራቱንም መስመር፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ቃል ሳያጎድል። ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

"ይሄ እዚህ አልተጻፈም" አለ። "በዚያው ዓመት እኔን ጥላኛለች። አርባ ዓመት አኩርፌያታለሁ። ትናንት ሌሊቱን እንኳ ቂሙ አልለቀቀኝም ነበር። መዝገብ ከልጇ የምታስበልጥ ሴት ትመስለኝ ነበር። ለካስ የሰው ሕይወት ሲመጣባት መዝገቡንም ራሷንም ትጥላለች። እኔ ይህቺን ሴት አላውቃትም ነበር።"

ፀደንያ እንባ የመጣላት ያን ጊዜ ነው፤ ከጎኗ ያሉ ሴቶች እስኪደግፏት ድረስ።

ማታ ድንኳኑ ውስጥ ደጀኔ የሰይድን እጅ ይዞ ሐዘንተኞች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ከጎኑ አስቀመጣቸው። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" እያለ የሚገባ ሁሉ ለእሳቸውም ጎንበስ ይላል። ሰይድም "አሜን፣ አሜን" ይላሉ። እንዲሁ ሦስት ቀን ተመላለሱ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሊነቀል ሲል ፀደንያ ሻይ ይዛ ስትገባ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። አጎቷ ብርጭቆውን ተቀብሎ፣ ሳይቸኩል አንዴ ፉት አለ። ከዚያ ወደ ሰይድ ጠጋ ብሎ "እስቲ ድገምልኝ" ሲል ሰማችው። "ሰውዬው ስለ ጢምህ ሲጠይቃት እንዴት አድርጋ ነው የተቆጣችው?"

ሰይድ ተመቻችተው ተቀመጡና ከመጀመሪያው ጀመሩ።