አንዳርጋቸው ለትንሿ ምድጃ ነዳጅ እንደ መረጠ

የጠርሙሱ ክዳን ሰማያዊ ነበረ። ይህን ያስተዋልነው ሦስት ክብሪት ካለቀ በኋላ ነው፤ ነገር ግን ታሪክ ከጅራቱ አይነገርምና ከራሱ እንጀምር።

በአንዳርጋቸው ርእሰ ቤትነት በሃያ አንደኛው ዓመት፣ ማቀዝቀዣው ከሞተ በሦስተኛው፣ አጥራችን ከወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ አመ ፲ወ፬ ለወርኃ ጥቅምት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ በባሕር ዳር ከተማ፣ የጣና ነፋስ በሚደርሰው ቤታችን ይህ ነገር ሆነ። የጻፍሁት እኔ ሚስቱ እናትዓለም ነኝ። ያየሁትን ብቻ ጻፍሁ፤ የፈራሁትን ሁሉ ልጻፍ ብል ወረቀት አይበቃኝም።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። ልጃችን ቃልኪዳን የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ወፍ ልትቆጥር በማግሥቱ ማለዳ በጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ተሻግራ፣ ሁለት ሌሊት በድንኳን ልታድር ተመረጠች። ለማብሰያም አንድ የውጭ አገር እንግዳ ትቶላቸው የሄደውን፣ ከስኒ እምብዛም የማይበልጥ የነሐስ ምድጃ ይዛ መጣች፤ እርሱም እንጨት የማይበላ፣ ከሰል የማይቀምስ፣ አልኮል ብቻ የሚጠጣ ነው። እኔም ምድጃው ሲፈነዳ፣ ድንኳኑ ሲነድ፣ ጀልባው ሲገለበጥ በአንድ ጊዜ ታየኝና ከደጃፌ ቆሜ አዋጅ አስነገርሁ፦ «ይህ ነገር በዓይኔ ፊት አንድ ድስት ውኃ ካላፈላ፣ የማንንም ቅንድብ ሳይልስ ካልጠፋ፣ ልጄ ጀልባ አትረግጥም! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ያን ጊዜ አንዳርጋቸው፣ ቧንቧን የጠገነ፣ ቆጣሪን የገራ፣ በቀበሌ ሰልፍ ሁለት ቀን ቆሞ ያልተዝለፈለፈ፣ የልጁን ፊት አይቶ አዘነና ለምድጃው የሚሆነውን መጠጥ ሊመርጥ ተነሣ።

በመጀመሪያ ከጓዳችን ነጭ ጋዝ ወጣ። ቃልኪዳንም፦ «አባዬ፣ ይህ ምድጃ ጋዝ አያውቅም! ጋዝ የጨመረበት ጥቀርሻ ይውረስ!» ብላ አወጀች፤ ጋዙም በውርደት ወደ ጓዳው ተመለሰ። ቀጥሎ በኮሮና ዘመን የገዛነው፣ እኔ ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥሁት የእጅ ማጽጃ ቀረበ፤ እርሱ ግን እንደ ተልባ ተዝለግልጎ ከጠርሙሱ አልወጣም አለ።

ከዚህም በኋላ አንዳርጋቸው ወደ ጎረቤታችን ወደ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም፣ ዳግም አረቄያቸው ከዱርቤቴ ድረስ ወደሚፈለገው ሴት ሄደ፤ እሳቸውም የመጣበትን በሰሙ ጊዜ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ አወጁ፦ «እኔ አረቄ የማወጣው ለሰው ጉሮሮ ነው! ለቆርቆሮ የሚያጠጣ ሰው ከደጄ አይድረስ! ቆርቆሮ መርቆ አያውቅ፣ አመስግኖ አያውቅ!» ነገር ግን ጉዱ እንዳያመልጣቸው ከኋላው ተከትለው መጡ።

በመጨረሻም ወደ መድኃኒት ቤት ደረሰ። ባለ መድኃኒቱ ግሩም ሁለት ጠርሙስ አውጥቶ አወጀ፦ «ጋሼ፣ ይሄ ሰባ ከመቶው ቁስል ያጥባል እንጂ ድስት አያፈላም፤ ሲሶው ውኃ ነው። ዘጠና ሰባቱን ይውሰዱ! ሜታኖል የሚሉትን ግን በምርቃት ቢሰጡዎት እንኳ እንዳይነኩ፣ ዓይን ያጠፋል!» አንዳርጋቸውም ዘጠና ሰባቱን መረጠ፤ ምርጫውም ያለ ነቀፋ ነበረ። ብርጭቆ በጀልባ ላይ ይሰበራል ብዬ ስለ ፈራሁ፣ ሕዝቡ ሃይላንድ ወደሚለው የውኃ ፕላስቲክ ገለበጠውና ቀይ ክዳን ገጠመለት።

እኔም ሁለተኛ አዋጅ ነገርሁ፦ «ይህ እሳት የሚጠራ ውኃ፣ እጅ በማይደርስበት፣ ከቤቱ ሁሉ ከፍ ባለው ቦታ ይቀመጥ!» በቤታችን ከፍ ያለው ቦታ ደግሞ የሥዕለ ማርያም መደርደሪያ ነው። በዚያም መደርደሪያ ላይ፣ ልክ እንደዚያው ባለ ሃይላንድ፣ ሰማያዊ ክዳን የገጠምሁለት ጠበሌ ተቀምጦ ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት በረንዳው ላይ ሰልፍ ሆነ። የሠራዊቱም ቁጥር ይህ ነው፦ አሸዋ የተሞላ ባልዲ አንድ፣ የራሰ ብርድ ልብስ ሁለት፣ በሩ ተከፍቶ የተተወ ግቢ አንድ፣ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ከነዱካቸው፣ ድመቷም። አንዳርጋቸው ጠርሙስ አወረደ፣ ወደ ምድጃው ቀዳ፣ ክብሪት ጫረ፤ ክብሪቱ ጭስስ ብሎ ጠፋ። ሁለተኛው ጠፋ፤ ሦስተኛውም። ቃልኪዳን ከንፈሯን ነከሰች፤ ደቅ ከዓይኗ ስትርቅ አየሁ።

አራተኛውን ሳይጭር፣ እሳቱ ድንገት ቢነሣስ ብዬ ሮጬ ከመደርደሪያው የቀረውን ጠርሙስ አወረድሁ፤ «በስመ አብ» እያልሁም ምድጃውን፣ ልጄን፣ ባሌንም ከራስ እስከ እግር ረጨሁ። አንዳርጋቸው ያን ቀን ጧት ተላጭቶ ነበርና አገጩን ይዞ «ኧረ ተቃጠልሁ! ለበለበኝ!» ብሎ ጮኸ፣ ዘለለም። ጠበል ሲነካው የሚጮህ ሰው ምን እንዳለበት በአገራችን የማያውቅ የለም። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ከዱካቸው ተፈናጥረው እጁን ለቀም አደረጉና አወጁ፦ «ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ተደብቀህ! ለፍልፍ! ስምህን ተናገር! በየት ገባህ?» እርሱም፦ «አንዳርጋቸው ነኝ! አንዳርጋቸው!» አለ፤ እሳቸውም፦ «እሱማ የሰውየው ስም ነው፣ የራስህን ተናገር!» አሉት።

ያን ጊዜ ቃልኪዳን እጅጌዋን አሸተተች፤ ጩኸቷም አዋጅ ሆነ፦ «እማዬ፣ የረጨሽን አልኮሉን ነው! አባዬ፣ ክብሪቱን አስቀምጥ!»

እኔም በእጄ ያለውን ክዳን አየሁ፤ ቀይ ነው። በምድጃው አጠገብ ያለውን አየሁ፤ ሰማያዊ ነው። ሦስቱን ክብሪት ያጠፋው ጠበሉ ነበረ። ምድጃው ነዶ ሳለ እኔ ያንን ረጭቼ ቢሆን ኖሮ… ይህን አልጽፈውም።

ሁላችን ታጠብን፣ ልብስ ለወጥን፣ በረንዳውን በውኃ አጠጣን። ለንስሐ አባታችን ለአባ መርስዔ ኀዘን ደወልሁ፤ እሳቸውም ሰምተው ሲጨርሱ በስልክ አወጁ፦ «ጠበል እሳት ያጠፋል ብለን ስናስተምር ኖረን፣ ዛሬ ቢያጠፋ ምን ይገርምሻል? በምድጃው ያለውን እግር በማይረግጠው ቦታ አፍስሱት። አንቺ ሰባት ስገጂ፤ ልጅቱን ግን አትከልክያት፣ ጥፋቱ የመደርደሪያው ነው!»

ጠበሉ በፓፓያው ሥር ፈሰሰ፤ ምድጃው ደረቀ። በዐሥር ሰዓት አንዳርጋቸው ዘጠና ሰባቱን ቀዳ፣ ጠርሙሱን ከድኖ አራቀ፣ ጫረ። ነበልባል ግን አልታየም። «አልነደደም» አልሁ፤ ቃልኪዳን ደረቅ ሣር ብታስጠጋ ሣሩ ቦግ አለ። የአልኮል እሳት በፀሐይ አይታይም አለችኝ። የማይታይ እሳት ከሚታየው እንደሚብስ እኔ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ድስቱ ተንተከተከ፣ ውኃው ፈላ፣ ምድጃውም ጠጥቶ ሲጨርስ በራሱ ጠፋ። ቅንድባችንን ቆጠርሁ፤ ሙሉ ነው። የራሴን አዋጅ መሻር አልቻልሁምና «ትሂድ!» አልሁ። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም እልል አሉ፤ አንዳርጋቸውን ግን እስከ ማታ በጎን ያዩት ነበር።

ሲመሽ ሻንጣዋን እኔው አሰናዳሁ። በባለ ቀዩ ጠርሙስ ዙሪያ በአራት ቦታ «አልኮል» ብዬ ጻፍሁ፤ ጠበሉን በሽሮፕ ብልቃጥ አድርጌ ከካልሲዎቿ መካከል ሸጎጥሁ።

አንዳርጋቸው ሆይ፣ ከአምስት መጠጥ አንዱን የለየህ፣ ስምህን ሁለት ጊዜ ተናግረህ ያልታመንህ፣ ስለ ልጅህ አገጭህን የገበርህ፣ ዝናህ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ይሰማ፤ ክብሪትህም በሚገባው ቦታ ብቻ ይንደድ።

ሻንጣው ከበሩ ጥግ ቆሟል። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞርሁ፣ በሩን ገፍቼ ሞከርሁት። ለዛሬ ሌሊት ሦስታችንም ከውስጥ ነን።